ይህ ጠብታ ከየት መጣ



በዚህ በተሰጠኝ ሰዓት ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ሁለት የማይዛመዱ ነገሮችን በግድ ያጋባሁ ሊያስመስለኝ ይችላል፤ አንደኛው ካንሰር የተባለው ደዌና ሕክምናው ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ አገራቸው ዘምተው የቆሰሉት፣ የተመረዙት፣ የተማረኩት፣ ተመልሰውም በመካከላችን በዝምታ የሚኖሩት ወታደሮች ውለታ ነውና። ነገር ግን እኔ አላጋባኋቸውም፤ በክንዴ ላይ በተሰካች በአንዲት ቀጭን መርፌ በኩል ተገናኝተው አገኘኋቸው እንጂ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጢሜን ስላጭ በአንገቴ ግራ ጐን፣ ከመንጋጋዬ በታች፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት በጣቴ ነካሁ፤ ስላላመመችኝም ናቅኋት። ወራት ሲያልፉ ያች ባቄላ የዶሮ እንቁላል አከለች፤ በሆሳዕና የደጋ ብርድ ሌሊት አንሶላዬ በላብ ርሶ እነቃ ጀመር፤ ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ልጆቼ እየለመኑም እየተቆጡም ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወሰዱኝ። የዚህን ሆስፒታል ስም ባነሣሁ ቁጥር የሐዲያ ልጅ የሆኑት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት፣ በእርጅናቸውም ዘመን ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው መንግሥት የጠበቁት፣ መልእክተኛቸውን ማቴዎስንም እስከ ፖርቱጋል ድረስ የላኩት ታላቋ ንግሥት ይታወሱኛል፤ ከሩቅ ረድኤት መፈለግን ለሚያውቁ ለእኒህ እመቤት የሕሙማን ቤት መታሰቢያ እንዲሆንላቸው መመረጡም ልቤን ደስ ያሰኘዋል።

ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማጉያ መሣሪያ ሲመረመር ሊምፎማ መሆኑ ታወቀ። ሊምፎማ ማለት በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት፣ በደረትና በሆድም ውስጥ ተሰውረው ሰውነታችንን ከተውሳክ የሚጠብቁት እጢዎች፣ በውስጣቸው ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ስተው ያለ ልክ ሲበዙ የሚፈጠር ካንሰር ነው። ዘበኛው ራሱ ሽፍታ ሆነ እንደ ማለት ነው። ሕክምናውም በየ21 ቀኑ አዲስ አበባ እየተመላለስሁ፣ ስድስት ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ኬሞቴራፒ እንዲሆን ተወሰነ።

ከሆሳዕና አዲስ አበባ፣ በወራቤና በቡታጅራ በኩል፣ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው። በቀጠሮዬ ቀን ለመድረስ ሌሊት በ10 ሰዓት መነኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። ሃምሳ አለቃን ያወቅኋቸው በዚያ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ከአንጋጫ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ወገባቸው እንደ ምሰሶ የቀና፣ ግራ እግራቸውን ግን ጥቂት የሚጐትቱ ሰው ናቸው። በዋዜማው ከተማ ገብተው፣ ከዘመድ ቤት አድረው፣ ከእኔ ቀድመው ይደርሳሉ፤ በፔርሙስ ሻይ ይዘው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያውን ሲኒ ሁልጊዜ ለእኔ ይቀዳሉ። እሳቸውም በሽተኛ ናቸው፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ቀጠሯችን አንድ ቀን ላይ ስለ ዋለ አራት ወር ያህል በአንድ ወንበር ተጓዝን፤ በአንድ ክፍልም ጐን ለጐን ተቀምጠን፣ የእሳቸው መድኃኒት ከእሳቸው ክንድ፣ የእኔም ከእኔ ክንድ ሲንጠባጠብ ዋልን።

በመጀመሪያው ቀን የተመለከትሁት ነገር ነው ይህን ንግግር የወለደው። መድኃኒቱን ያመጣችው ነርስ ድርብ ጓንት አጥልቃ፣ ረጅም ካባ ለብሳ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ነበር። ለእኔ ደም ሥር የሚገባውን ነገር እርሷ በእጇ ለመንካት ለምን እንደምትፈራ ገርሞኝ በአጠገቤ ያለፈውን ወጣት ሐኪም ጠየቅሁት። እርሱም ከሚሰጡኝ መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ እንደሚባል፣ በጤነኛ ሰው ቆዳና ትንፋሽ በኩል መግባቱ ጕዳት ስላለው ሠራተኞቹ እንደሚጠነቀቁ፣ ወገኑም ናይትሮጅን መስተርድ ከሚባለው መድኃኒት እንደ ሆነ በትሕትና አስረዳኝ። መስተርድ ማለት ሰናፍጭ ነው። የታሪክ መምህር ነኝና ከዚህ በላይ አላስፈለገኝም፤ ቀና ብዬ ያንን ከብረት ዘንግ ላይ የተሰቀለ ከረጢት ተመለከትሁ፤ በአእምሮዬም የታየኝ የ1928 ዓ.ም. ሰማይ ነበር።

ወገኖቼ፣ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለው መርዝ፣ አባቶቻችን ከፈረንጅ ሰምተው ይፐሪት የሚሉት፣ ስሙን ያገኘው በቤልጅግ አገር ካለችው ከኢፕር ከተማ ነው፤ በዚያች ከተማ አካባቢ ጀርመኖች በሐምሌ ወር 1909 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በጠላቶቻቸው ላይ ተኰሱት። ጋዝ ይባል እንጂ በእውነቱ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሽታው ሰናፍጭን ወይም ነጭ ሽንኩርትን ይመስላል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ በቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያሳምምም፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ግን ቆዳውን እንደ ፈላ ውሃ ይልጠዋል፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ በትንፋሽ የገባበትንም ሰው ሳንባ ያቃጥላል። መንግሥታት በዚህ ደንግጠው በሰኔ ወር 1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ ተሰብስበው የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ውል ተፈራረሙ፤ ኢጣልያም ውሉን በ1920 ዓ.ም. አጸደቀች።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም.፣ ያው መርዝ በተከዜ ወንዝ አጠገብ በነበረው በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት ላይ ከኢጣልያ አውሮፕላኖች ወረደ። ቦምብ የለመደው ወታደር ከሰማይ የወደቀው ዕቃ ሳይፈነዳ መሬት ላይ ተሰብሮ ፈሳሽ ሲረጭ አይቶ ምን እንደ ሆነ አላወቀም ነበር። ከዚያ በኋላ በተምቤን፣ በአምባ አራዶም፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው ከማይጨው ጦርነት በፊትና በኋላ፣ በሐይቅ አሸንጌም ዳር በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ፣ በደቡብ ግንባርም በኦጋዴን በኩል ተረጨ። ከየግዛቱ ወደ ሰሜን በዘመተው ሠራዊት ውስጥ የከምባታ ጦር ይገኝበት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከምባታ ተብሎ በሚጠራው ግዛት ውስጥ ዛሬ ሐዲያ የምንለው አገር ጭምር እንደ ነበረ ለወጣቶች አድማጮቼ ላስታውስ። የእኛ አያቶች ከዚህ ከቀይ አፈራችን ተነሥተው፣ አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው፣ የሳምንታት መንገድ ተጕዘው ወደዚያ ሄዱ። እስቲ አስቡት፤ በመርዝ የረጠበ ሣር ላይ በባዶ እግር መርገጥን፤ መርዙን እንደ ጥጥ የሚመጥ የሸማ ኩታ በገላ ላይ መልበስን፤ የተመረዘ ወንዝ ውሃ በእፍኝ ቀድቶ መጠጣትን። የመከላከያ ጭንብል አልነበራቸውም፤ የሚያክማቸውም በቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር።

ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ የቀይ መስቀል ጓድ ይገኝበታል፤ ሜሊ በኋላ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ በተነሣው ዘረፋ ጊዜ ቆስሎ ሞተ። የስዊድኑ ጓድ በመልካ ዲዳ ከቀይ መስቀል ምልክቱ በታች ሳለ በታኅሣሥ ወር በቦምብ ተደበደበ። የስዊስ ሐኪሙ ማርሴል ዡኖ ደግሞ በመርዝ የተቃጠሉ የኢትዮጵያ ወታደሮች ሲሰቃዩ በዓይኑ አይቶ መስክሯል። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ የመርዝ ዝናብ ለዓለም ተናገሩ። ዓለም ሰማ፤ ምንም አላደረገም።

አሁን ግን ከዚህ የታሪክ መንገድ ወጣ ብዬ ወደ ሐኪሞቹ ልመለስ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በዚህ መርዝ የሞቱትን ወታደሮች ደምና መቅኔ የመረመሩ ኤድዋርድና ሄለን ክረምብሃር የተባሉ ባልና ሚስት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ እ.ኤ.አ. በ1919 አንድ ያልተጠበቀ ነገር ጻፉ፤ መርዙ ቆዳን ከማቃጠሉ ባሻገር፣ በአጥንት ውስጥ ያለውን ደም ፈጣሪ መቅኔ አድርቆት፣ የነጭ የደም ሕዋሳት ቍጥር ከመጠን በላይ አንሶ ተገኘ አሉ። ይህ ጽሑፍ ሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያስታውሰው ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የሆኑት ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የመርዝ ጋዝን ነገር እንዲመረምሩ ሲታዘዙ ግን አንድ ሐሳብ መጣላቸው፦ ይህ መርዝ ጤነኛውን ነጭ የደም ሕዋስ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ያለ ልክ የበዛውንና ያበደውን ሕዋስስ ለምን አያጠፋም? ሰልፈሩን በናይትሮጅን ለውጠው፣ መጠኑንም እጅግ አሳንሰው፣ በመጀመሪያ በአይጥ ላይ፣ ቀጥሎም በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ሊምፎማ ይዞት ሌላ ሕክምና ባልረዳው በአንድ ሰው ላይ ሞከሩት። ይህ ሰው በመዝገብ የሚታወቀው በስሙ በሁለት ፊደላት ብቻ ነው። በአንገቱና በብብቱ የነበረው እብጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ሐሤቱ አልዘለቀም፤ ካንሰሩ ተመልሶ ከወራት በኋላ ሞተ። ነገር ግን በሰው ልጅ ታሪክ በደም ሥር ገብቶ ካንሰርን ያሸሸ የመጀመሪያው መድኃኒት ያ ነበር፤ ደዌውም የእኔ ደዌ ነበር።

የጦርነት ምስጢር ስለ ነበረ ይህ ግኝት እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ አልተገለጠም። በመካከሉ፣ ኅዳር 22 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ባሪ በተባለችው የኢጣልያ ወደብ ላይ የጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉ፤ ከተመቱት መርከቦች አንዱ ጆን ሃርቪ የተባለው የአሜሪካ መርከብ ሁለት ሺህ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምቦች በምስጢር ጭኖ ነበር። መርዙ ከባሕሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚዋኙትን መርከበኞች ነከራቸው፤ ከ600 በላይ ወታደሮችና መርከበኞች ታመሙ፤ ከ80 የሚበልጡት ሞቱ፤ የከተማዪቱም ነዋሪዎች ስንቶቹ እንዳለቁ የቈጠራቸው የለም። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለው የጦር ሐኪም የሟቾቹን ሬሳ መርምሮ፣ የነጭ የደም ሕዋሳታቸው መጥፋትና የእጢዎቻቸው መሟሸሽ ያንኑ የዬሉን ነገር የሚያጸና መሆኑን ጻፈ። ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የነበረን ቂም ምንም ያህል ቢሆን፣ ስለ ባሪ ሕፃናትና እናቶች ሳስብ ሐዘን እንጂ ሌላ ስሜት በልቤ አይገባም። ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ መርዙን እያለዘቡና እያረሙ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር ሳይክሎፎስፋማይድን ሠሩ፤ ዛሬ ከሊምፎማ ሌላ ለጡት ካንሰር፣ ለአንዳንድ የሕፃናት ካንሰሮችም በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በጅማ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ይህ ነው።

እዚህ ላይ በልቤ የሚብሰለሰለውን ልንገራችሁ። የአውሮፓው ወታደር በመርዝ ሲሞት ደሙን የሚመረምር ሐኪም፣ የመረመረውን የሚጽፍበት መዝገብ፣ መዝገቡን የሚያኖርበት ቤት ነበረው፤ ስለዚህም ሞቱ ለሚመጣው ትውልድ መድኃኒት ሆነ። የእኛ አያት ግን በአሸንጌ ዳር ሲወድቅ በመቅኔው ውስጥ የሆነው ነገር ያው ሆኖ ሳለ አንድ መስመር የጻፈለት የለም። ሥቃዩ አንድ፣ መዝገቡ ግን ባዶ። ስለዚህ ያ ጠብታ በክንዴ ውስጥ ሲገባ ዕውቀቱን ለሰጡኝ ሊቃውንት ምስጋና አቀረብሁ፤ በመዝገብ ላልተጻፉት ደግሞ፣ ስማቸውን ስለማላውቅ፣ በየተራራው በስም እየጠራሁ የምዘክራቸው ያህል ማይጨው፣ ተምቤን፣ አምባ አራዶም፣ አሸንጌ እያልሁ የቦታዎቹን ስም በልቤ ደገምሁ።

መርዙን ግን አላመሰገንሁም። ኦሪት ዘኍልቍ ሃያ አንደኛውን ምዕራፍ ያነበበ ሰው የአርዌ ብርትን ነገር ያውቃል፤ እባቡ የነደፈው ሕዝብ በእባብ አምሳል የተሠራውን ናስ ቀና ብሎ ሲያይ ዳነ፤ ነገር ግን ማንም እባቡን ስለ መንደፉ አላመሰገነውም። እኔም በዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ወደ ተሰቀለው ከረጢት ቀና ባልሁ ጊዜ እንደዚህ ነበር የተሰማኝ።

አሁን የሕክምናውን ትምህርት በአጭሩ ላድርስ፤ ከአድማጮቼ መካከል ይህን መንገድ የጀመሩ አይጠፉምና። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳትን ፈልጎ የዘር ቍልፋቸውን በመስበር ይገድላል፤ ካንሰሩ ይሞታል፤ ነገር ግን የፀጕር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ልባስ፣ መቅኔም እንዲሁ በፍጥነት የሚራቡ ስለ ሆኑ አብረው ይጎዳሉ። ፀጕር መርገፉና ማቅለሽለሹ ከዚህ ነው፤ ያልፋል። የማያልፍ አደጋ ያለበት የነጭ ደም ማነስ ነው፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እጅግ ዝቅ ይላል። በእነዚያ ቀናት የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ እስኪነጋ ወይም የሕመም ማስታገሻ እስኪሠራ ሳይጠበቅ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል መሄድና «ኬሞ እየወሰድሁ ነው» ብሎ በመጀመሪያ መናገር ይገባል። እጅ በሳሙና መታጠብ፤ በያሆዴም በመሳላም በዓል ቢሆን ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ መተው፤ በደንብ የበሰለውን መብላት። ሳይክሎፎስፋማይድ በሽንት ፊኛ በኩል ሲወጣ ስለሚያቆስል፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር፣ ውሃ በብዛት መጠጣትና ሽንትን አለመያዝ፤ ሽንቱ ደም ከመሰለ ወዲያው መናገር። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ የሚያስጸልይ ያስጸልይ፤ እኔም አስጸልያለሁ፤ ነገር ግን ቀጠሮውን በዚያ ምክንያት አያስቀር፤ የሚጠጣውንም ሥራ ሥር ከሐኪሙ አይደብቅ።

የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ በአገራችን ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ አንድ ቦታ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ አሁን በጅማም አለ፤ ከእኛ አካባቢ ለሚነሣ ሰው የትኛው እንደሚቀርበው ሐኪሙን ይጠይቅ። ለማረፊያ የተቸገረም ቢሆን፣ አቶ ወንዱ በቀለ የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን መጠለያ እንዳለው ይወቅ።

ወደ ሃምሳ አለቃ ልመለስ። እሳቸው በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ በታወጀ ጊዜ፣ ሦስት መቶ ሺህ ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሲሠለጥን፣ ከእርሻ ላይ ተነሥተው ከሄዱት የከምባታ ልጆች አንዱ ነበሩ። በምሥራቅ ግንባር ተሰለፉ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲገኝ እሳቸው በቃሬዛ ላይ ነበሩ፤ የመድፍ ፍንጣሪ በግራ ጭናቸው ገብቶ ነበርና። ከዳኑ በኋላ በሠራዊቱ ቀርተው፣ ወደ ሰሜን ተዛውረው፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አገለገሉ። ሠራዊቱ በተበተነ ጊዜ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ከሚጠጉት መሰሎቻቸው ጋር ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆነው ኖሩ። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱና በየሆስፒታሉ በር ላይ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቈልፈው፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙትን ሽማግሌዎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እኛ «ጥበቃ» ብለን እናልፋቸዋለን።

ስለ ጦርነቶቹ ትክክለኛነት በዚህ ንግግር አልፈርድም። አንዱን ጦርነት ከውጭ ወራሪ ጋር፣ ሌላውን ከወንድም ጋር ተዋግተናል፤ ያም ለታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ሥራ ነው። ነገር ግን በ1975 ዓ.ም. ከታወጀው የብሔራዊ ውትድርና ሕግ በኋላ ከዚህ አገር በአሥራ ስምንትና በሃያ ዓመቱ የተወሰደው ልጅ ጦርነቱን የመረጠ እርሱ አልነበረም፤ የተሸከመው ግን እርሱ ነው። የሐዲያ ልጅ የሆኑት የአየር ኃይሉ አብራሪ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በኤርትራ ግንባር ተማርከው የብዙ ዓመት እስር ከቀመሱና ከተፈቱ በኋላ፣ በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. በአሥመራ ላይ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ተመትቶ እንደ ገና ተማረኩ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። የእሳቸውን ስም ባሰብሁ ቁጥር በራቸውን ሳይዘጉ የሚያድሩ ቤተ ሰቦች በዓይኔ ላይ ይመጣሉ።

ውለታን የማይረሳ ሕዝብ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማየት ወደ ኮሪያ መመልከት ይበቃል። ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. የዘመተው የቃኘው ሻለቃና ተተኪዎቹ ከ120 በላይ ወንድሞቻቸውን በዚያ መሬት ሲያጡ አንድ ሰው እንኳ አላስማረኩም፤ ከደመወዛቸውም አዋጥተው ለጦርነቱ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቋሙ። ኮሪያውያን ደግሞ በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቆሙላቸው፤ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሄደው መረቁት፤ በኋላም በኢትዮጵያ ጎጆ አምሳል የመታሰቢያ ቤት ሠሩ። አዲስ አበባ ገርጂ ያለውና ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው፣ በሴኡል የሚገኘው የሚዩንግሱንግ ቤተ ክርስቲያን በ1997 ዓ.ም. የከፈተው ሆስፒታል የዚያው ውለታ ፍሬ ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከባሕር ማዶ፣ የወታደርን ደም በሕክምና መመለስ። ይህን ያደረገው የሩቅ ሕዝብ ነው፤ የእኛው ዘማች ግን በራሳችን ዕድር፣ በራሳችን ቀበሌ ይኖራል።

ከሃምሳ አለቃ ጋር በተጓዝሁባቸው ወራት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ወታደርን በግንባር ያዳነው ቻይነት በቤቱ የሚገድለው መሆኑ ነው። ከሰገራቸው ጋር ደም ማየት ከጀመሩ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «መምህር፣ እኔ ደም አይቼ የምደነግጥ ሰው ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ክብራቸው ገባኝ፤ ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ያ አንድ ዓመት ካንሰሩ ከአንጀት ወጥቶ ወደ ጉበት የተጓዘበት ዓመት ነበርና። ስለዚህ በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ በማኅበራችሁ ያረጀ ወታደር ካለ፣ «ደህና ነኝ» ቢል አትመኑት። ሽንት ከከለከለው ወይም ሌሊት ደጋግሞ ካስነሣው፣ በሰገራው ደም ካየ፣ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ የማያሳምም እብጠት በአንገቱ ወይም በብብቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ መዋጥ ካስቸገረው፣ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮው ሳይታደስ አልፎበት እንደ ሆነ መርምራችሁ ዕድሩ ይክፈልለት። ሕመሙ በጠና ጊዜም ሞርፊንን ጨምሮ ማስታገሻ መድኃኒት መኖሩን ንገሩት፤ ሥቃይን በዝምታ መሸከም ከእንግዲህ ከእርሱ የሚፈለግ ግዳጅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ትልቅ ነው። በሰውነቱ ውስጥ ፍንጣሪ ወይም ጥይት የቀረበት ሰው ኤምአርአይ የተባለው ምርመራ ሲታዘዝለት፣ ከመግባቱ አስቀድሞ ለባለሙያው መናገር አለበት፤ መሣሪያው ኀይለኛ ማግኔት ስለ ሆነ ብረቱን ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላልና። ሃምሳ አለቃ ይህን ምርመራ በታዘዙ ጊዜ ስለ ጭናቸው ብረት ትንፍሽ አላሉም፤ አርባ ዓመት አብሯቸው የኖረ ነገር የሰውነታቸው አካል ሆኖ ተረስቷቸው ነበር። እግራቸውን ሲጐትቱ ለወራት ያየሁት እኔ ነኝ ከበሩ ላይ የተናገርሁት፤ ምርመራውም በሌላ መሣሪያ ተተካላቸው።

የእኔ ስድስት ዙር ባለፈው ወር ተፈጸመ፤ እብጠቱ ጠፍቷል፤ በየሦስት ወሩ እየታየሁ እቆያለሁ። የሃምሳ አለቃ ገና ሁለት ቀርቷቸዋል። በመመለሻው መንገድ ቡታጅራ ላይ ሻይ ለመጠጣት ወርደን ሳለ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እኔም አብሬያቸው እንደምሄድ ነገርኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «መምህር፣ እርስዎ ግዳጅዎን ጨርሰዋል፤ አሁን ይረፉ» አሉኝ። አልመለስሁላቸውም።

ቀጠሮው ሰኞ ነው። ፔርሙሱን ዛሬ ገዝቻለሁ፤ ሌሊት በ10 ሰዓት መነኸሪያው በር ላይ፣ ከእሳቸው ቀድሜ፣ እቆማለሁ።